የምርጫ ክልል ውክልና እንደ አገልግሎት ሲመዘን፦ ከምሥራቅ ጎጃም የቀረበ ግምገማ

የምገመግመው አገልግሎት በምሥራቅ ጎጃም የምኖርበት የምርጫ ክልል ለነዋሪው የሚሰጠው ውክልና ነው። ነዋሪው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ፣ ለክልሉ ምክር ቤት ደግሞ ሌሎች ሰዎች ወደ ባሕር ዳር መርጦ ይልካል፤ የተላኩትም የላካቸውን ሕዝብ ጉዳይ ይዘው ሄደው ምላሹን ይዘው እንዲመለሱ ይጠበቃል። ዋጋው ከገበሬው የመሬት ግብርና ከነጋዴው ገቢ ይከፈላል፤ ውሉም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ባንክና ስለ ስልክ አገልግሎት ብዙ ይጻፋል፤ ስለዚህኛው የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውዳሴ ወይ ርግማን ስለሚሆን፣ ተገልጋይ በተገልጋይነቱ ሊያነበው የሚችል ነገር ያስፈልጋል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ሰው መርጦ የመላኩ ሥራ በሚታይ መጠን ተሻሽሏል፤ የተላከው ሰው ምላሽ ይዞ የሚመለስበት መንገድ ግን ከጥንት ጀምሮ ደካማ ነው፤ ዛሬም የአገልግሎቱ ዋና ጉድለት ይኸው ነው።

ጉድለቱ የዛሬ ተወካዮች ብቻ ያመጡት ስላልሆነ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ተገቢ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። በዚያ ጊዜ ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ሲሆኑ፣ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲነሡ ራስ እምሩ ተተኩ። እንዲህ ባለ ሥርዓት እንደራሴው ተጠሪነቱ ለመረጠው መኳንንት ስለነበረ፣ ገበሬው ወደ ምክር ቤቱ የሚያደርስ መንገድ ነበረው ማለት አይቻልም።

ነገሩ በጽሑፍ ደረጃ የተለወጠው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሩ በተቻለ መጠን 200 ሺህ ነዋሪ በያዙ የምርጫ ክልሎች እንዲከፈልና እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ አዘዘ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞችም ለብቻቸው መቀመጫ ሰጠ። ዕድሜው 21 የሞላው ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ የመምረጥ መብት አገኘ። ለመመረጥ ግን በምርጫ ክልሉ ውስጥ ሕጉ በወሰነው መጠን ንብረት መኖር ነበረበት፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያው ምርጫ ተካሂዶ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይህን ምርጫ ጨምሮ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በአራት በአራት ዓመት ልዩነት በድምሩ አምስት ምርጫዎች ተደረጉ። ጎጃም በዚያን ዘመን ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድርና መተከል በሚባሉ አውራጃዎች የተከፈለ ጠቅላይ ግዛት ነበር።

የዚያ ዘመን ውክልና ምን ያህል ይሠራ እንደነበር የሚያሳየው ከሁሉ ይልቅ የ1960 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማው አልፎ ወጣ። አዋጁ የገበሬው ምርት ተገምቶ ግብር እንዲጣልበት የሚያደርግ ነበር፤ የጎጃም ገበሬ ግን ግምቱ የመሬት ልኬትን፣ ልኬቱም የርስትን መጥፋት ያመጣል ብሎ ፈራ። አዋጁ ሲረቀቅ ይህ ፍርሃት ተሰምቶ መልስ ቢያገኝ ኖሮ ነገሩ በቃል ሊያልቅ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ለግብር ገማቾች በሩን ዘጋ፣ መሣሪያ አነሣ፣ ጦር ተላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ጎጃም መጥተው ለዓመታት ሳይከፈል የተከማቸውን ግብር ማሩ። ሕዝቡ እንደራሴ ነበረው፤ ድምፁ የተሰማው ግን በእንደራሴው በኩል አልነበረም። ዛሬ አንድ ተወካይ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የገበሬውን ቅሬታ በማስታወሻ ደብተር ሲጽፍ ሳይ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያ ማስታወሻ የትም ካልደረሰ ሰዉ ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ ይህ አገር አንድ ጊዜ አይቶታል።

ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ፓርላማውን ከዘጋ በኋላ አገሩ ለብዙ ዓመታት ያለ ተመራጭ ምክር ቤት ቆየ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። ሸንጎው 835 መቀመጫዎች ነበሩት፤ ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ገዥው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ)፣ የሕዝብ ማኅበራትና የጦር ክፍሎች ነበሩ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሩ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር አንድ የሸንጎ አባል የሚወክለው 50 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ በቁጥር ደረጃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተወካይ ለሕዝብ እንዲህ የቀረበበት ጊዜ አልነበረም። መቅረቡ ግን ያለ አማራጭ ዋጋ አልነበረውም። በዚያው ሰሞን ጎጃም ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ተከፈለ፤ ዛሬ የምንኖርበት የዞን ወሰን መነሻው ያ አከፋፈል ነው።

አሁን ያለው አገልግሎት የተዘረጋው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ከእነዚህ ቢያንስ 20ው የአናሳ ብሔረሰቦች መቀመጫ ነው፤ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልልም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። በተግባር መቀመጫዎቹ 547 ናቸው፤ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ 294 መቀመጫዎች አሉት፤ ስለዚህ ለአንድ የፌዴራል ተወካይ በአማካይ ከሁለት በላይ የክልል ተወካዮች ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቁጥሩን ማስላት ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ለ138 ሲካፈል ለአንድ ተወካይ 100 ሺህ ሰው ይደርሳል። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም 200 ሺህ ሰው ለሁለት እንደራሴ፣ ማለትም 100 ሺህ ለአንድ ነበር። ሁለት የማይመሳሰሉ መንግሥታት በአንድ ልክ መስማማታቸው ልኩ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ያሳያል። ችግሩ ሕዝቡ ሲያድግ ድልድሉ ባለበት መቆሙ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ክልሉ 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ ያኔውኑ አንድ ተወካይ የሚወክለው ሰው ወደ 125 ሺህ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ምሥራቅ ጎጃምና ምዕራብ ጎጃም እያንዳንዳቸው ከ2.1 ሚሊዮን በላይ፣ አዊ ደግሞ 980 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። የባሕር ዳር ከተማ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ብቻ ከ96 ሺህ ወደ 155 ሺህ አድጋለች፤ ደብረ ማርቆስ ከ49 ሺህ ወደ 62 ሺህ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በቆጠራው ውጤትና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሊደረግ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ወሰን በመሠረቱ የ1987 ዓ.ም. ሕዝብ አሰፋፈር ነው፤ ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት እያስገባ ነው።

ይህን ስል ድልድሉ ቢታደስ ጎጃም መቀመጫ ይጨመርለታል እያልሁ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መስበክ ቀላል ነው፣ ግን ስሌቱ አይደግፈውም። በ1999 ዓ.ም. የአገሩ ሕዝብ 73.8 ሚሊዮን ያህል ስለነበር የአማራ ክልል ድርሻ 23 ከመቶ ትንሽ ይበልጣል፤ የመቀመጫ ድርሻው ግን 25 ከመቶ ነው። የዚያ ቆጠራ የክልሉ ውጤት በፓርላማ ጭምር ጥያቄ የተነሣበት መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም ጥቅሙ ከሌላው ወስዶ ለራስ መጨመር ላይ ሳይሆን፣ በራሳችን ዞኖች ውስጥ አንዱ ተወካይ የሚወክለው ሕዝብ ከሌላኛው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ማድረግ ላይ ነው። በፍጥነት ያደገ ከተማ አጠገቡ ካለው ገጠር ጋር በአንድ የምርጫ ክልል ሲታሰር የከተማው የቤትና የውኃ ጥያቄ የገጠሩን የማዳበሪያና የመንገድ ጥያቄ ይውጠዋል፤ አንዳንዴም የተገላቢጦሽ ይሆናል።

የምርጫዎቹን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ በጎጃም ሰው ልብ ውስጥ የቀረ ነው፤ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት በአገር አቀፍ ደረጃ 109 መቀመጫዎችን ሲያገኝ በጎጃምም ተቃዋሚዎች ያሸነፉባቸው የምርጫ ክልሎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተፈጠረው ውዝግብ ከተመረጡት ብዙዎቹ ምክር ቤት ሳይገቡ ቀሩ፤ የመረጧቸው ሰዎችም ድምፅ ሰጥተው ተወካይ ያጡ ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ መቀመጫዎች ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪም አንድ ብቻ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም መቀመጫዎች ለገዥው ፓርቲና ለአጋሮቹ ሆኑ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) በተወካዮች ምክር ቤት አምስት መቀመጫዎችን አገኘ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የምርጫ ሥርዓቱን ጠባይ ጭምር ነው። በክልል ምክር ቤት ምርጫ መራጩ ለምርጫ ክልሉ በተመደቡት መቀመጫዎች ልክ ምልክት ስለሚያደርግ፣ ጥቂት በልጦ የተገኘ ፓርቲ መቀመጫዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ከመራጩ አርባ ከመቶው ሌላውን መርጦ እንኳ ቢሆን አንድም ተወካይ ላይኖረው ይችላል። ለእኔ ይህ ከወሰኑ ማርጀት የሚተናነስ ጉድለት አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት መቀመጫ ባለበት የምርጫ ክልል መቀመጫውን በተገኘው ድምፅ መጠን ማካፈል አስቸጋሪ አይሆንም ነበር።

ወደ አገልግሎቱ የዛሬ መልክ ልምጣ። በጎ ጎኑን ስናገር ደስ ይለኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 አንድ የምርጫ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ እንዳይመዘገብበት ከልክሏል፤ ለመመዝገብ ዕድሜው 18 የሞላና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን ይበቃል። የ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዕለት ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍተው ምሽት 12 ሰዓት ሊዘጉ ሲገባ ቦርዱ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመ። በእኛ ጣቢያ ነጠላቸውን ተከናንበው በምርኩዝ የመጡ እናቶች ከሰልፉ ወጥተው ቅድሚያ ሲሰጣቸው፣ አስፈጻሚዋ ወጣት ስማቸውን በመዝገቡ ላይ በጣቷ እየተከተለች ፈልጋ፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ መፈረም ካልቻሉ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ጥፍራቸው ላይ ቀለም ቀብታ፣ ሁለቱን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ለየብቻ እያሳየች፣ አንዱ የአዲስ አበባው አንዱ የባሕር ዳሩ መሆኑን ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ተደርጎ ውጤቱ በአኃዝም በፊደልም ተጽፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሰው በማግሥቱ ጠዋት ወደ ገበያ ሲወርድ ቆሞ ያነበው ነበር፤ ማንበብ የማይችለውም የሚያነብለት አላጣም። አንድ የመንግሥት አገልግሎት ለተገልጋዩ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሲቀርብ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳስበኝ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር እረፍት አለ። ተወካዮቹ በእረፍት ጊዜያቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው ከመራጩ ጋር መድረክ ያደርጋሉ። የመድረኩ ሐሳብ መልካም ነው። አፈጻጸሙን ግን በቅርብ ስላየሁት እንዲህ ልግለጸው፦ ጥሪው የሚደርሰው በቀበሌው አመራር በኩል ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ለሌላ ስብሰባም የሚጠሩ ሰዎች ናቸው፤ የገበያ ቀን ላይ ሲወድቅ ደግሞ ሴቶቹ ከሞላ ጎደል ይቀራሉ። ሪፖርቱ ከሰዓቱ ግማሽ በላይ ይወስዳል። ከዚያ እጅ ይነሣል። በአንዱ መድረክ ላይ ከበስተኋላ የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ባለፈው የነገርንህን ምን ላይ አደረስኸው?» አሉ። ተወካዩ በአክብሮት፣ «አባቴ፣ ጥያቄያችሁ ለሚመለከተው አካል ተልኳል» ሲል መለሰ። አዛውንቱ ግን አልተቀመጡም፤ «የሚመለከተው አካል ስሙ ማን ነው?» ብለው ደገሙ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መልሱም ያው የመጀመሪያው ሆነ።

የአዛውንቱ ጥያቄ በአጋጣሚ እኔ ራሴ በጽሑፍ ያዘጋጀሁት የሁለት ቀበሌዎች አቤቱታ ነበር። በክረምት የሚሞላ ወንዝ ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት፣ ነፍሰ ጡሮችን ከጤና ጣቢያ ስለሚለያይ ድልድይ እንዲሠራ የሚጠይቅ ነው። ነዋሪዎች ፈርመውበት ለተወካዩ በእጅ ሰጠነው፤ የገቢ ቁጥር አልተሰጠውም፣ የተረከበ ሰው ፊርማም የለበትም። በኋላ ያነጋገርኋቸው የአንድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወረቀቱ በመዝገብ እንደሌለ ነገሩኝ። አንድም ሰው ክፉ አስቦ አልጣለው ይሆናል፤ ወረቀት ቁጥር ከሌለው ግን ለመጥፋት ክፉ ሐሳብ አያስፈልገውም። በእኛ አገር እድር እንኳ የገባና የወጣውን ሳንቲም በመዝገብ ይዞ በአባላቱ ፊት ያነባል፤ ቀሪውን ያላነበበ ጸሐፊ በሚቀጥለው ወር አይቀመጥም። አንድ የምርጫ ክልል የሚጠበቅበት ከዚህ የበለጠ አይደለም፦ የቀረቡ አቤቱታዎች ዝርዝር፣ ለማን እንደተላኩ፣ ምን ምላሽ እንደመጣ፣ በሚቀጥለው መድረክ መጀመሪያ ላይ ከሪፖርቱ በፊት ቢነበብ ይበቃል።

ሌላው ችግር የትኛው ጥያቄ ለየትኛው ተወካይ እንደሚቀርብ ሕዝቡ አለማወቁ ነው፤ ተወካዮቹም አያስረዱም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የተዘረጋው ዋና መንገድ የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ ለአዲስ አበባው ተወካይ ይቀርባል፤ የገጠር መንገድና አነስተኛ ድልድይ የክልሉ ስለሆነ የባሕር ዳሩን ይመለከታል። ማዳበሪያ ደግሞ ሁለቱንም ይነካል፤ ግዥው በፌዴራል ይፈጸማል፣ ስርጭቱ በክልልና በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ለአቤቱታ እስከ መውጣት የደረሱት፣ እጥረቱ ከግዥ ይሁን ከስርጭት ግልጽ መልስ የሚሰጣቸው ባለመኖሩ ጭምር ነው። ሁለቱ ተወካዮች በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ገበሬው ወዲያና ወዲህ አይባልም ነበር። እስካሁን ባየሁት ግን የፌዴራሉና የክልሉ ተወካዮች በየራሳቸው ጊዜ ነው የሚመጡት፤ እያንዳንዱም የሌላኛውን ሥራ ጉዳይ ወደ ሌላኛው ይገፋዋል።

ጎረቤታችን አዊ በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ አደረጃጀት አለው። የብሔረሰብ አስተዳደሩ እንጅባራ ላይ የራሱ ምክር ቤት ስላለው፣ ከቀበሌው እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ መካከል አቤቱታ የሚያርፍበት አንድ ተጨማሪ ተመራጭ አካል አለ። በፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ የማግኘት መብት አለው። የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ዞኖች ግን ተመራጭ የዞን ምክር ቤት የላቸውም፤ ዞኑ የአስተዳደር እርከን ብቻ ነው። ስለዚህ ከወረዳ ምክር ቤት በላይ ያለው ቀጣይ ተመራጭ አካል ባሕር ዳር ነው፤ ከደጀን ወይም ከሸበል በረንታ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ገንዘብና ጊዜ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ራሳቸውም ቢሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ ሕዝቡ በየቀኑ የሚያገኘው ምክር ቤት ከሁሉም የቆየ ውክልና ያለው ሆኗል። ስለ ፌዴራል ፓርላማ የምንከራከረውን ያህል ስለዚህ አለመከራከራችን ያሳዝነኛል፤ የመሬት ይዞታ ክርክርም ሆነ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ ሳልጠቅስ ብሄድ ግምገማዬ እውነተኛ አይሆንም። በዚያ ዕለት በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጀመሪያ ለስድስት ወር፣ በኋላም ለአራት ወር ተራዘመ። በግጭቱ ምክንያት በእኛ አካባቢ መድረኮቹ ወደ ከተማ ተጠቃልለዋል፤ የገጠር ነዋሪ ወደዚያ ለመምጣት መንገዱን መፍራት አለበት፤ ተወካዩም ወደ ቀበሌ መውረድ ያሠጋዋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር በስልክ የሚላክ ጥያቄ እንኳ አልነበረም። ለዚህ ተወካዮቹን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ሆኖም ውክልና ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ቤቱ በተቃጠለበት፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበትና ልጁ የት እንዳለ ባላወቀበት ጊዜ ነው። የዚህን ሰው ጉዳይ በምክር ቤት መድረክ ላይ በስሙና በቀበሌው ጠርቶ የሚያነሣ ተወካይ ሊኖረው ይገባል። አንቀጽ 54 ማንኛውም የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ይህ ጥበቃ የተሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

በሕጉ ውስጥ ተገልጋዩ የሚይዘው ሌላም ነገር አለ። አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 54ም ይህንኑ ይደግመዋል። ይህ መብት በአካባቢያችን ሲሠራበት አላየሁም፤ ይሠራበት ብዬም አልቀሰቅስም። መኖሩን ማወቅ ግን የመድረኩን አነጋገር ይለውጠዋል፤ የጠየቁትን መልስ በትሕትና ደግሞ መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት እንዳልሆነ ሰው እንዲረዳ ያደርጋል። ለተወካዩም ቢሆን በቁጥር የተመዘገበ አቤቱታ ይዞ ወደ ቋሚ ኮሚቴ መግባት በቃል የሰማውን ከመናገር የበለጠ ኃይል ይሰጠዋል። በሐምሌ ገደማ የክልሉ በጀት ሲቀርብ ከበጀቱ ውስጥ የትኛው ድልድይ እንደገባና የትኛው እንደቀረ ሊጠይቅ የሚችለው የጥያቄው ሰነድ እጁ ላይ ካለ ብቻ ነው።

ይህን አገልግሎት ለሚጠቀም ከእኔ የሚሆን ምክር ይህ ነው። አቤቱታው አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ድልድይ ከሆነ ድልድይ፣ ማዳበሪያ ከሆነ ማዳበሪያ። ቀበሌው፣ የወንዙ ወይም የመንገዱ ስም፣ ችግሩ የሚነካቸው ሰዎች ቁጥርና ከዚህ በፊት ለማን እንደተጠየቀ በግልጽ ይጻፍ። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፦ አንዱ ለተወካዩ፣ አንዱ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለአመልካቾቹ። በቅጂዎቹ ሁሉ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም እንዲያርፍ ሳይጠየቅ ከአዳራሹ አይወጣ። መድረኩ የገበያ ቀን ላይ እንዳይውል አስቀድሞ ለቀበሌው ይነገር፤ ሴቶች እንዲመጡ ሰዓቱ ከረፋዱ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የእኛ የሁለቱ ቀበሌዎች አቤቱታ እንደገና ተጽፎ በዚህ መልክ ገብቷል፤ የገቢ ቁጥር አለው፣ የክልሉን የገጠር መንገድ ሥራ የሚመለከት ስለሆነም ለባሕር ዳሩ ተወካይ ተሰጥቷል። በሚቀጥለው መድረክ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ እሱ እንዲሆን ነዋሪው ተስማምቷል፤ ጥያቄውንም የሚያነሡት እኚያው አዛውንት ናቸው።